ግብር የተከፈለበት የጡረታ መዋጮ ከአበሉ ላይ እንዴት ይቀነስ?

ሰላም፣ ስሌቱን የምታውቁ እርዱኝ። የመንግሥት ጡረታ ግብር የሚከፈልበት አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ወይ ሲዋጣ፣ ወይ አበሉ ሲከፈል። መዋጮው ከግብር በፊት ከተቀነሰ ነገሩ ቀላል ነው፣ አበሉ በሙሉ ግብር ይቆረጥበታል። የቸገረኝ የሠራተኛው መዋጮ ግብር ተከፍሎበት፣ የአሠሪው ድርሻ ደግሞ ሳይከፈልበት ሲገባ ነው።

ሠራተኛው በአገልግሎት ዘመኑ ያዋጣው 180,000፣ አበሉ በወር 4,000፣ የሚጠበቀው የክፍያ ጊዜ 240 ወር ነው እንበል። 180,000 ለ240 ሲካፈል 750 ይመጣል፤ ይሄ ከየወሩ አበል ውስጥ ግብር የተከፈለበት የራሱ መዋጮ ድርሻ ነው። ስለዚህ ግብር የሚቆረጠው ከ3,250 ላይ ብቻ ነው። ከሙሉው 4,000 ላይ ከተቆረጠ 750ው ሁለቴ ግብር ተከፈለበት ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ግፍ ነው።

እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። አበሉ ለኑሮ ውድነት ሲስተካከልስ? 750ው ባለበት ከቆየ የዋጋ ንረት ይበላዋል፤ አብሮ ካደገ 180,000ው 240 ወር ሳይሞላ ያልቃል። ጡረተኛው ከ240 ወር በላይ ቢኖር ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ይቋረጣል? ቀድሞ ቢሞት ቀሪው ለተተኪዎቹ ይተላለፋል? በሥራ ላይ ያዋላችሁት ቀመር ካለ ከነምክንያቱ ጻፉልኝ።