የሯጭ ልብ ግድግዳ 13 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የልምምድ ውጤት ነው ወይስ በሽታ?

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የ19 ዓመት የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ በልብ አልትራሳውንድ ታይቶ የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳ 13 ሚሊ ሜትር ነው ተባለ። ሲያርፍ የልብ ምቱ በደቂቃ 44 ነው፤ ሕመም አይሰማውም። ልምምድ ላስቁመው?

መልስ፦ የልብ ሐኪም
አሰልጣኝ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ከ13 እስከ 15 ያለው አጠራጣሪ ክልል ነው። ውጤቱ ላይ የክፍሉን ስፋት ይፈልጉ። የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ ብዙ ደም ስለሚያስተናግድ ክፍሉ ይሰፋል፤ ከ55 ሚሊ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፤ ግድግዳውም ዙሪያውን እኩል ይወፍራል። በዘር የሚተላለፈው የልብ ጡንቻ መወፈር ሲሆን ግን ክፍሉ ብዙ ጊዜ ከ45 በታች ይጠባል፣ ውፍረቱ የግራውንና የቀኙን ክፍል ወደሚለየው መሃል ግድግዳ ያደላል፣ ጡንቻውም በደንብ አይላላም። 44 ምት ለሯጭ አያስጨንቅም።

መልስ፦ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ
ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ሳይነሣ እንዳይወሰን። በደረት ግራ በኩል ከሚለጠፉት ቪ5 እና ቪ6 በሚነሡት መስመሮች ላይ የቲ ሞገድ (ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ልብ ሲያገግም የሚታየው ሞገድ) ከተገለበጠ በልምምድ አይሳበብም። ቤተሰቡን ጠይቁ፤ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ልጁስ እየሮጠ እያለ ራሱን ስቶ ያውቃል? አንዱ እንኳ ካለ ልምምዱ ዛሬውኑ ይቁም።

መልስ፦ የአልትራሳውንድ ባለሙያ
ከግድግዳው ጋር የቀኝ ክፍል የጡንቻ ዘንግ አብሮ ከተለካ ውፍረቱ በሐሰት ይጨምራል፤ መጀመሪያ ይደገም። ጥርጣሬው ካልጠራ ለ3 ወር ከሩጫ ይረፍና በዚያው መሣሪያ ይለካ። የልምምድ ውፍረት ይቀንሳል፤ የበሽታው አይቀንስም። እስኪጣራ ድረስ ግን የጣርማበርን ዳገት አታስሩጡት።