ውሃ፣ የስፖርት መጠጥ ወይስ ኦ አር ኤስ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የቀረበ ጥቆማ

ጠዋት የጦሳን ተራራ የሚወጡ ወዳጆችና ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርደው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ከውሃ ይልቅ ባለ ጨው መጠጥ መግዛት ይሻል እንደሆነ ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ የምገዛውንና የማልገዛውን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ።

ለአንድ ሰዓት ያህል የእግር ጉዞ ከውሃ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ላብ እምብዛም አይበዛም፤ በላብ የወጣችውን ጥቂት ጨው ደግሞ የቁርሱ ፍርፍር ይተካታል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ግን ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። በዚያ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚጫወት ወይም ከመኪና ጭነት ሲያወርድ ለሚውል ሰው ጌቶሬድን የመሰሉ የስፖርት መጠጦች ይጠቅማሉ፤ ለሌላው ሰው ግን ውድ ጣፋጭ ውሃ ናቸው።

ተቅማጥና ትውከት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። አንድ የሱቅ ባለቤት ለታመመ ልጅ የስፖርት መጠጥ ሲመርጥ ስላየሁ በዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየም (በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) እና ግሉኮስ (ቀላል የስኳር ዓይነት) ተያይዘው ወደ ሰውነት ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል፤ ኦ አር ኤስ፣ ማለትም ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት፣ የተቀመመው የሁለቱን ሚዛን ጠብቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ቅመም በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ ከእነዚህም ጋር የፖታሲየምና የሲትሬት ጨዎች አሉት። የተለመደው የስፖርት መጠጥ ስኳሩ የዚህ አራት እጥፍ ገደማ ሲሆን ሶዲየሙ ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ የበዛው ስኳርም ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል። አምቦ ውሃም ቢሆን ስኳር ስለሌለው ይህን ሥራ አይሠራም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጬ ጠጥቻለሁ፤ ጨውነቱ አፍ የሚያኮማትር ነበር፣ ጥማቱም ባሰብኝ። ስለዚህ ከመበጥበጥ በፊት ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ማንበብ፣ የተበጠበጠውን በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስና የተረፈውን መድፋት ይገባል። ፓኬት ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር ተለክቶ፣ ለጊዜው ያገለግላል።

በ2016 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ጤነኛ ወንዶችን 13 ዓይነት መጠጥ አጠጥቶ ሲያነጻጽር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከተራ ውሃ ይልቅ ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ካቆዩት መካከል ኦ አር ኤስና ወተት ሲገኙ፣ የስፖርት መጠጡ ከውሃ አልተለየም። ከጨዋታ በኋላ አንድ ብርጭቆ ወተት የምጠጣው ስለዚህ ነው።

ኢነርጂ የሚባሉትን ባለ ካፌይን ጣሳዎች ከእነዚህ ጋር አልቆጥራቸውም። ቤቴ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት የተገዙ ሁለት የኦ አር ኤስ ፓኬቶች ሁልጊዜ አሉ፤ ስትገዙ የማብቂያ ጊዜያቸውን እዩ፣ ዱቄቱ የጓጎለውንም አትቀበሉ። የሚጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም ዓይኑ የጎደጎደ ልጅ ግን ፓኬት እየበጠበጡ ሳይቆዩ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።