ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም የሚል ሐኪም፦ ወሰኑ የት ላይ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅፀንና ጽንስ ክፍል የአሠራር መመሪያ እያረቀቅን ነው። ኅሊናቸው ስለማይፈቅድላቸው ጽንስ ማቋረጥ የማይሠሩ ባልደረቦች አሉ፤ በዚህ ማንም አልተጣላም። ያላግባባን ሌላ ነው። ሪፈር መጻፍ ተሳትፎ ነው ወይ? ከውርጃ በኋላ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት «ሌላ ሰው ይያት» ማለት ይቻላል? ተረኛ የሚመድቡ ሠራተኞችስ?

የማኅፀን ሐኪም፦
ከሁለተኛው ልጀምር፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና። አይቻልም። ጽንስ የማቋረጡ ሥራ አብቅቷል፤ የቀረው ቅሪቱን ማውጣት፣ ደሙን ማቆምና ኢንፌክሽኑን ማከም ነው። ጽንሱ በራሱ ለወረደባት ሴት ከሚደረገው በምንም አይለይም። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የብሪታንያ ሕግ እንኳ ለባለሙያው የመቃወም መብት ሲሰጥ፣ ሕይወት ለማዳን ወይም ከባድና ዘላቂ ጉዳት ለመከላከል የሚደረገውን ሕክምና ከመብቱ ውጭ አድርጎታል።

ስህተት የሚፈጠረው መመሪያው «በድንገተኛ ጊዜ» ብሎ ብቻ ሲያልፍ ነው። የሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈስሶ ማኅፀኗ መመረዝ የጀመረ ሴት ጠዋት ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ብቻ ይታይባት ይሆናል፤ ማታ ግን የደም ግፊቷ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መነሻውን ሞት አፋፍ ላይ አታድርጉት፤ «ኢንፌክሽን ሲጠረጠር» ብላችሁ ጻፉ። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናንም በስሙ ጥቀሱት፤ ማንም እንዳያመነታ።

የሥነ ምግባር መምህር፦
ስለ ሪፈር አገሮችም አልተስማሙም። ስዊድን ውስጥ ጽንስ በማቋረጥ አልሳተፍም ያሉ አዋላጆች በፍርድ ቤት አልተሳካላቸውም። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሐኪሙ አገልግሎቱን ወደሚሰጥ ባለሙያ መላክ አለበት የሚለውን ደንብ አጽንቷል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ሐኪሙ ተቃውሞውን ለታካሚዋ ወዲያው በአክብሮት እንዲነግራት፣ ሌላ ሐኪም የማማከር መብት እንዳላት እንዲያሳውቃትና በጊዜው ለማግኘት የሚበቃ መረጃ እንዲሰጣት ይጠይቃል።

ሦስተኛውን ጥያቄ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሁለት አዋላጆች ጉዳይ መልሶታል፦ መብቱ በሕክምናው ላይ በቀጥታ እጁን ለሚያስገባ ነው፤ ሠራተኛ መመደብንና መቆጣጠርን አይሸፍንም። እኔም ትክክል ነው እላለሁ።

አንድ መፈተኛ ጨምሩ። ተቃውሞው ድርጊቱ ላይ ነው ወይስ ሰውየዋ ላይ? ሉፕ ለማንም የማያስገባ ባለሙያ ተቃዋሚ ነው። ላገባች አስገብቶ ላላገባች የሚከለክል ግን አድልዎ እየፈጸመ ነው፤ ኅሊና ብሎ ቢጠራውም።

ተረኛ አስተባባሪ፦
በሪፈሩ ላይ ትንሽ ልለይ። ድርጊቱን ከልቡ እንደ ግድያ ለሚያይ ሰው «ለሚገድለው ላክለት» ማለት ቀላል ሸክም አይደለም፤ ይህን ማቃለል አይገባም። መውጫው መንገዱን የተቋሙ ማድረግ ነው። ተቃዋሚው ለአስተባባሪው «ይህችን ታካሚ አልይዝም» ይላል፤ የሚይዛትን የሚፈልገው አስተባባሪው ነው። ለታካሚዋ ግን ተቃውሞውን ራሱ ይንገራት፤ ዝም ብሎ «ነገ ነይ» ማለት፣ ምርመራ መደራረብ፣ መስበክ የተከለከለ ይሁን።

ሌላው ሁሉ የተረኝነት ጉዳይ ነው። ተቃውሞ ሥራ ሲጀመር በጽሑፍ ይቅረብ፤ በጅምላ ሳይሆን የትኛውን ድርጊት እንደሆነ ይጥቀስ። በእያንዳንዱ ፈረቃ፣ ሌሊትንም ጨምሮ፣ ቢያንስ አንድ የሚሠራ ሰው ይመደብ። ፋርማሲውንም አትርሱ፦ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት መወሰድ ያለበት ስለሆነ የአንድ ሌሊት መዘግየት ራሱ ክልከላ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ከማኅፀን ሐኪሞች ከግማሽ በላይ ተቃዋሚ በመሆናቸው ሥራው በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወድቋል። የሚሠሩት ሰዎች ሌላ ሕክምና የመሥራት ዕድል ያጣሉ፣ ይደክማሉ፣ ከዚያ እነሱም ይተዉታል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የሚሠራው ብቸኛ ሰው በዚያ ሌሊት ቢታመምስ?

ተረኛ አስተባባሪ፦
ተጠባባቂ በስልክ ይጠራል፤ ስሙ ከወር ተራው ጋር አብሮ ይለጠፍ። እሱም ከጠፋ፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ከሆነ ያለው ባለሙያ ይሠራል። ካልሆነ አምቡላንስ አዘጋጅታችሁ፣ ተቀባዩን ተቋም አስቀድማችሁ ደውላችሁ ላኳት፤ ወረቀት አስይዞ መሸኘት ብቻውን ማስተላለፍ አይባልም።