በረንዳ ከቤት ውስጥ ይመደባል ወይስ ከደጅ?

ጥያቄ፦
ለመርካቶ የገበያ ሕንፃዎች የእግረኛ መንገድ ጠቋሚ ካርታ እያዘጋጀሁ ሳለ፣ ጣሪያ ኖሯቸው በአንድ ጎን ክፍት የሆኑ በረንዳዎችን ከየትኛው ወገን እንደምመድባቸው ተቸግሬአለሁ።

መልስ 1፦
ሁለት ምድብ አይበቃም። ጣሪያ ኖሮት ጎኑ የተከፈተውን ከፊል ውስጥ፣ በግንብ ታጥሮ ሰማይ የሚታይበትን ግቢ ደግሞ ከፊል ውጭ ብለው ይሰይሙ።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ሆኖም የጂፒኤስ ጥራትን ብቻውን መለያ እንዳያደርጉት አደራ እላለሁ፤ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙ ሳተላይቶች የሚመጣው ደካማ ምልክት በረጃጅም ፎቆች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ላይም ይዛባልና፣ ካርታው ደጁን ቤት ሊያደርገው ይችላል። በክረምት ዝናብ ለሚጓዝ ሰው የሚጠቅመው ጣሪያው የት እንደሚያበቃ ማወቁ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጣሪያንና ግድግዳን ለየብቻ እመዘግባለሁ።

መልስ 2፦
በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ሲባል በመግቢያው ላይ ያለውን ደረጃም ይመዝግቡ።