ጥቆማ፦ ከልጅ እስከ አያት የሚያጫውት የጠጠር ድርደራ (ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ላላችሁ)

ጎረቤቴ ሰሞኑን ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ልጆቹን ከስልክ የሚያላቅቅ፣ እኛንም የማይሰለቸን ጨዋታ ካለ ጠቁሚኝ» አለችኝ። እጄ ላይ ጀሪካን ስለነበር በአጭሩ ነው የመለስኩላት። ሌሎቻችሁም የምትፈልጉት ስለሚመስለኝ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ነው፣ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቴሌቪዥኑም የለም።

የኔ ምርጫ ክዊርክል ነው። ሱዛን ማኪንሊ ሮስ የምትባል ሴት የፈጠረችው ጨዋታ ሲሆን በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወጣ። በ2011 ጀርመን ውስጥ «የዓመቱ ጨዋታ» ተብሎ ተሸልሟል። ሰሌዳ የለውም፤ ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ይበቃል። ያለው 108 የእንጨት ጠጠር ነው፤ 6 ቀለም በ6 ቅርፅ፣ እያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ሁሉም ከከረጢት 6 ጠጠር ያወጣል፣ የያዘውን ለሌላው አያሳይም። ተራው ሲደርስ በቀለም ወይም በቅርፅ የሚመሳሰሉትን አንድ መስመር ላይ ይደረድራል። ቀለሙ አንድ ከሆነ ቅርፁ ይለያያል፣ ቅርፁ አንድ ከሆነ ቀለሙ ይለያያል። አንድ መስመር ውስጥ ያው ጠጠር ሁለቴ አይገባም፤ ስለዚህ መስመሩ ከ6 አያልፍም። ነጥቡ በመስመሩ ያሉት ጠጠሮች ብዛት ነው። 6 የሞላለት 6 ነጥብ ጉርሻ ይጨመርለታል፣ 12 ይሆናል። የሚሆነው ጠጠር ያጣ ሰው የፈለገውን ያህል ከረጢቱ ውስጥ ካሉት ጋር ይቀይራል፣ ግን ተራው ያልፋል።

ለምን መረጥሽው ካላችሁኝ፣ ማንበብ አይጠይቅም። እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ የሰነበተች ጊዜ ከ6 ዓመቷ ልጄ ጋር ቁጭ ብላ ተጫወተች። ነጥብ የምንይዘው በሽምብራ ነበር፤ ነጥብ ያገኘ ሰው ያን ያህል ፍሬ ከሳህኑ ያነሳል። አንድ ምሽት አምስት ሰማያዊ ተደርድሮ ኮከቡ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ዝም ብላ ሌላ ሌላ ትጥላለች። በአራተኛው ተራ ሰማያዊውን ኮከብ አወጣችና አስቀመጠችው። ከላዩ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኮከብ ወደ ታች ተሰልፎ ነበር፣ ያም አራት ሞላ። 12 እና 4፣ 16 ሽምብራ! ልጄ እየቆጠረች ሰጠቻት። መደመር የለመደችው በዚያ ሳህን ነው።

ሌሎቹንም ሞክረናል። ዶሚኖ መርካቶ በቀላሉ ይገኛል፣ ርካሽም ነው። 28 ጠጠር፣ ለአራት ሰው ሰባት ሰባት ይደርሳል። ለአዋቂ ጥሩ ነው፣ ትንንሾቹ ግን ቶሎ ይሰለቹታል። ብሎከስ ደስ ይላል፤ እያንዳንዱ ሰው 21 ቁራጭ ይዞ በራሱ ቀለም ጥግ ለጥግ እያነካካ 400 ካሬ ባለው ሰሌዳ ላይ ቦታ ይሻማል። አራት ሰው ሲሟላ ነው የሚደምቀው። ሩሚኩብ ቁጥር ለሚወዱ ነው፣ ከፍ ላሉ ልጆች። አዙል በውበት ሁሉንም ይበልጣል፤ የነጥብ አያያዙ ግን እናቴን አድክሟታል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከየት ይገኛል? ቦሌ አካባቢ ያሉ የመጫወቻ መደብሮች አንዳንዴ ያስመጣሉ፣ ደውሎ መጠየቅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይሻላል፤ ኪሎው ከባድ ስለሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኛ ግን እዚሁ ሰፈር አናጺ ዘንድ አሠራን። የወጣብን ልጆቹን አንድ እሁድ መዝናኛ ቦታ ከምንወስድበት አይበልጥም።

መጀመሪያ የሄድኩበት አናጺ አበላሽቶብኛል። ጠጠሮቹ እኩል አልነበሩም፣ መስመሩ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይጣመማል። ባሰ ደግሞ ጀርባቸውን ሳይቀባ ተወው። አንዱ ጠጠር ጀርባው ላይ የእንጨት ዓይን ነበረው። ልጄ በሁለት ቀን ለየችው፣ እኔ እጅ ላይ ስታየው «አረንጓዴው ክብ ነው» ትላለች። ጨዋታው እዚያው አለቀ። ሁለተኛው አናጺ ዘንድ እንዲህ ብዬ አዘዝኩ፦ ሁሉም 3 ሳንቲ ሜትር በ3፣ ውፍረቱ ያለድጋፍ የሚቆም፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ ፊቱም ጀርባውም ጎኑም ጥቁር ቀለም። ቅርፆቹን ከካርቶን ቆርጬ ራሴ ቀባሁ፤ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ከረጢቱን ልብስ ሰፊዋ ከወፍራም ጨርቅ ሰፋችልኝ። ቀጭን ጨርቅ አትጠቀሙ፣ ቀለሙን ያሳያል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዋናው ጨዋታ ቀይና ብርቱካናማ አለ። በሻማ ብርሃን ሁለቱን መለየት አይቻልም፣ እኛ ብዙ ተጨቃጭቀናል። እኔ ብርቱካናማውን በነጭ ተካሁት። ጥቁሩ ላይ ነጩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስታዝዙ 108 ብቻ አታስቆርጡ፣ አራት አምስት ትርፍ ይኑር፤ ጥቁር ተቀብቶ ቅርፅ ሳይሳልበት ይቀመጥ። ከኛ አንድ ቢጫ ካሬ በረንዳው ፍርግርግ ሾልኮ ወደቀ፣ በዚያው ማታ ከትርፉ አንዱን ቀብተን ተካነው።