የ«ሚን ገርልስ» ተዋንያን ከፊልሙ በፊት የት ነበሩ?

የክበቡ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለፊልም ክበባችን ከማሳያው በፊት የሚነበብ የሁለት ገጽ መግቢያ እያዘጋጀሁ ነው። ፊልሙ በ2004 የወጣው «ሚን ገርልስ» ነው። ላላያችሁት፦ አፍሪካ ውስጥ ከተመራማሪ ወላጆቿ ጋር ያደገችው ኬዲ በ16 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እዚያ ረጂና የምትባል ልጅ ሁሉን አንቀጥቅጣ ትገዛለች፤ ኬዲም ልትጥላት ብላ ቡድኗ ውስጥ ሰርጋ ትገባና በመጨረሻ ራሷ ረጂናን ሆና ታርፈዋለች።
ያነበብኳቸው ጽሑፎች እርስ በርስ ይጣላሉ። አንዱ ተዋንያኑ ሁሉም አዲስ ፊቶች ነበሩ ይላል፣ ሌላው ሁሉንም የዲዝኒ ልጆች ያደርጋቸዋል። ከዚያ በፊት ምን ሲሠሩ ነበር? ስንቶቹ የእውነት የዚያ ዕድሜ ልጆች ነበሩ? በምን ቅደም ተከተል ባቀርበውስ ይሻላል? ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉልኝ።

ሲኒማ ወዳጅ፦
ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱንም ተዋቸው። ለትልቁ ስክሪን አዲስ የነበረችው አማንዳ ሳይፍሬድ (ካረን) ናት፤ እሷም ብትሆን በ11 ዓመቷ ሞዴል ሆና የጀመረች፣ በቴሌቪዥን ድራማ የሠራች ልጅ ነበረች። «የዲዝኒ ልጅ» የሚባለው ደግሞ ለሊንዚ ሎሃን (ኬዲ) ይሠራል እንጂ ለሌሎቹ አይሠራም።
የሎሃን መንገድ ይኸውልህ። በ1986 ኒው ዮርክ ተወለደች፣ በ3 ዓመቷ ፎርድ የሞዴሎች ድርጅት ወሰዳት፣ በ1996 «አናዘር ወርልድ» የተባለው የቀን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ገባች። በ1998 ዲዝኒ በሠራው «ዘ ፓረንት ትራፕ» ሁለቱንም መንትዮች ሆና ወጣች፤ በ2003 «ፍሪኪ ፍራይደይ» ተከተለ። የዚህን የኋለኛውን ዳይሬክተር ልብ በል፦ ማርክ ዋተርስ ነው፤ «ሚን ገርልስ»ንም የሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የተገናኙት። «ሚን ገርልስ» ግን የፓራማውንት ፊልም ነው፤ ብዙ ጽሑፍ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።
መግቢያህ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ከቻልክ ይህን አስገባ፤ ከዓመተ ምሕረት ዝርዝር ይሻላል። በ«ፓረንት ትራፕ» ካሊፎርኒያ ያደገችው መንታ የለንደኗን እህቷን መስላ፣ የለንደኗም የካሊፎርኒያዋን መስላ ትኖራለች። ማለት ሎሃን የ11 ዓመት ልጅ ሳለች አሜሪካዊ አነጋገር፣ እንግሊዛዊ አነጋገር፣ ከዚያ ደግሞ አንዷ የሌላዋን አነጋገር ስታስመስል የሚያመልጣትን ስህተት ሁሉ መሥራት ነበረባት። በ«ፍሪኪ ፍራይደይ» በልጅ ገላ ውስጥ የገባች እናትን ሆነች። ኬዲም ያው ናት፤ ሌላ ሰው መስላ የምትገባ፣ ማስመሰሉ እየቆየ የሚጣበቅባት። ሦስቱ ሚናዎች አንድ ችሎታ ነው የሚጠይቁት። ሎሃን መጀመሪያ የፈለገችው የረጂናን ሚና ነበር፤ እኔን ብትጠይቀኝ ግን ኬዲ መሆኗ ፊልሙን አተረፈው።

መጋረጃ፦
ስለ ሬቸል ማክአዳምስ (ረጂና) ልጨምር፤ እሷ ከሌሎቹ በተለየ በር ነው የገባችው። ካናዳዊት ናት፤ ኦንታሪዮ ግዛት ባለችው ለንደን ከተማ በ1978 ተወለደች (የእንግሊዟን ለንደን ብለህ እንዳትጽፍ፣ ደጋግሞ ያጋጥማል)። ከዚያ ቶሮንቶ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምራ በ2001 ተመረቀች። የልጅነት ዝናም ሆነ የልጅነት ድራማ የላትም። በ2002 ከሮብ ሽናይደር ጋር «ዘ ሆት ቺክ» ላይ ሠራች፤ እዚያም የክፍሉ ንግሥት የሆነች ተማሪ ነበረች፣ ረጂና ከሰማይ ዱብ አላለችም። በ2003 ደግሞ በካናዳው የቴሌቪዥን ተከታታይ «ስሊንግስ ኤንድ አሮውስ» ውስጥ የቴአትር ቤት ወጣት ተዋናይት ሆነች።
አሁን ወጥመዱን ልንገርህ። «በ‹ሚን ገርልስ› ታወቀችና ‹ዘ ኖትቡክ›ን አገኘች» የሚል ዓረፍተ ነገር በየቦታው ታያለህ። «ሚን ገርልስ» ኤፕሪል 30፣ «ኖትቡክ» ጁን 25፣ ሁለቱም በ2004 ነው የወጡት። ቀረጻው ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ «ኖትቡክ» ከ2002 መጨረሻ እስከ 2003 መጀመሪያ ተቀርጾ አልቋል፤ «ሚን ገርልስ» የተቀረጸው በ2003 መጸው ነው። የተዋናይ ታሪክ ስትጽፍ የሚወጣበትን ቀን ሳይሆን የሚቀረጽበትን ጊዜ ተከተል፤ ካልሆነ አንዱ ለሌላው ምክንያት ሳይሆን ምክንያት ይሆንብሃል።

ዘጠኝ ሰዓት፦
ማንም ያላነሳውን ነገር ላንሳ፦ «ኦል ማይ ቺልድረን»። ከ1970 እስከ 2011 በኤቢሲ የታየ የቀን ድራማ ነው። ሌሲ ሻበርት (ግሬቸን) በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢያንካን ሆና እዚያ ሠርታለች። ጆናታን ቤኔት (አሮን) በ2001 እና በ2002 ጄ አር ቻንድለርን ሆኗል። ሳይፍሬድም «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ከተባለው ድራማ በኋላ ጥቂት ቆይታ አድርጋበታለች። ከፊልሙ ስድስት ሰባት ዋና ወጣቶች ሦስቱ በአንድ ድራማ አልፈዋል፤ ሎሃንን ከነ «አናዘር ወርልድ» ብትጨምር አራቱ የቀን ድራማ ልጆች ናቸው። ድራማዎቹ ሁሉ ያኔ ይሠሩ የነበረው ኒው ዮርክ ነበር።
ይህ ለምን ይጠቅማል? የቀን ድራማ በሳምንት አምስት ቀን ይታያል፤ አንድ ክፍል ባንድ ቀን ገደማ ይቀረጻል። ተዋናዩ ማታ የተሰጠውን በርካታ ገጽ ንግግር ለጧት ሸምድዶ ይመጣል፤ ልምምዱ አጭር ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ መቅረጽም የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ኮሜዲ ላይ ሲመጣ ንግግሩን በፍጥነት ይወረውራል፣ ካሜራው የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል። ኬዲ፣ ረጂና፣ ግሬቸንና ካረን ስልክ ላይ አንዷ ሌላዋን እያስጠበቀች የሚያወሩበትን ትዕይንት ስታይ ትዝ ይበልህ፤ እዚያ ላይ አንድ ሰው ግማሽ ሰኮንድ ቢዘገይ ቀልዱ ይሞታል።
ጥንቃቄ፦ በእነዚህ ድራማዎች አንድ ሚና ለብዙ ተዋንያን ይተላለፋል። ጄ አር ቻንድለርን ረጅሙን ጊዜ የሠራው ከ2003 ጀምሮ ጄኮብ ያንግ ነው፤ ቤኔት አይደለም። የሻበርትም እንደዚሁ ነው፦ «ፋሚሊ ጋይ» በተባለው የካርቱን ተከታታይ ላይ የሜግን ድምፅ የሠራችው በመጀመሪያው ሲዝን ብቻ ሲሆን ከዚያ ሚላ ኩኒስ ተረከበችው። ለሻበርት ከዚህ ይልቅ የቴሌቪዥን ድራማውን «ፓርቲ ኦቭ ፋይቭ»ን (1994–2000) እና የካርቱን ገጸ ባሕሪዋን የኢላይዛ ቶርንቤሪን ድምፅ ጻፍላት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ብሮድዌይ ላይ በ«ሌ ሚዜራብል» ትንሿ ኮዜት ነበረች። ከቡድኑ ውስጥ ረጅም የሥራ ታሪክ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ ጽሑፎች ግን ሦስተኛ መስመር ላይ ነው የሚወረውሯት።

የክበቡ ጸሐፊ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የቀን ድራማውን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። የዕድሜው ነገርስ? ትልልቆቹ ተዋንያንስ ከየት መጡ?

አርታዒ፦
ዕድሜውን በቀረጻው ጊዜ አስላው፣ በ2003 መጸው። ሎሃን 17፣ ሳይፍሬድ 17 (ዲሴምበር 3 ላይ 18 ሞላት)፣ ሻበርትና ሊዚ ካፕላን (ጃኒስ) 21፣ ቤኔት 22፣ ማክአዳምስ 25 ልትሞላ፣ ዳንኤል ፍራንዚዚ (ዴሚየን) 25። ስለዚህ በሕግ ልጅ የነበሩት ሁለት ናቸው። ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተዋናይ በቀን የሚሠራበት ሰዓት ይገደባል፣ በመሐል ትምህርትም አለበት፤ ትልቅ ሰው በታዳጊ ቦታ ሲቆም የቀረጻው ቀን ይረዝማል።
ካፕላን ከቴሌቪዥን ተከታታዩ «ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ» (1999–2000) መጣች፤ ፍራንዚዚ ደግሞ ከኮሜዲ የራቀውን «ቡሊ» (2001) ሠርቶ ነበር።
ትልልቆቹን «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ትርዒት) ብለህ በአንድ አንቀጽ ጠቅልላቸው፤ ፕሮዲዩሰሩም የዚያው ትርዒት ሎርን ማይክልስ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈችው ቲና ፌይ (የሒሳብ መምህርቷ) በ1997 በጸሐፊነት ገብታ በ1999 የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ጸሐፊ ሆናለች። ቲም ሜዶውስ (ርእሰ መምህሩ) ከ1991 እስከ 2000፣ አና ጋስታየር (የኬዲ እናት) ከ1996 እስከ 2002 እዚያ ነበሩ፤ ኤሚ ፖለር (የረጂና እናት) በ2001 ገባች። ፖለር «ልጇን» ማክአዳምስን የምትበልጠው በ7 ዓመት ብቻ ነው፤ አድማጭ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ይስቃል። የሜዶውስ እጅ ላይ የሚታየው ማሰሪያም እንዲሁ ከታሪኩ አልመጣም፤ ከቀረጻው በፊት እጁ ተሰብሮ ነበርና ፌይ ምክንያቱን ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፈችለት።
ቅደም ተከተል ስትመርጥ በሚና ትልቅነት አትሂድ፤ በመጡበት በር ሂድ፦ የቀን ድራማ፣ የቴአትር ትምህርት፣ የኮሜዲ ትርዒት። ከሁለቱ ገጽ አንዱን ሙሉ ለመጀመሪያው ስጥ፤ ለቴአትሩ ሦስት አራት መስመር ይበቃል፣ አንድ ሰው ስለሆነች። ካፕላንና ፍራንዚዚ የትኛውም ውስጥ አይገቡም፤ በግድ አትክተታቸው፣ በአንድ መስመር እለፋቸው።

መጋረጃ፦
አንድ ቀረኝ። ስም ስትፈልግ የ2024ቱ ሙዚቃዊው «ሚን ገርልስ» ይቀላቀልብሃል። እዚያ ረጂና ረኔ ራፕ፣ ኬዲ አንጋውሪ ራይስ ናቸው። ፌይና ሜዶውስ በሁለቱም ስላሉ፣ ሎሃንም በአዲሱ ለአፍታ ብቅ ስለምትል፣ ስሙን ብቻ አይተህ አትለይም። ከእያንዳንዱ የፊልም ርእስ ጎን ዓመቱን ጻፍ።

የክበቡ ጸሐፊ፦
ገባኝ፤ በሦስቱ በር ከፍዬ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ልመልሳቸው ወይስ ልተዋቸው?

አርታዒ፦
ተዋቸውና አናት ላይ አንድ ጊዜ «እ.ኤ.አ.» በል። ከመለስካቸው ግን ወሩን ሳታይ 8 አትቀንስ፦ ፊልሙ የወጣው ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ ማክአዳምስ ግን የተወለደችው ኖቬምበር ላይ ስለሆነ ከ1978 የሚቀነሰው 7 ነው፣ 1971 ይሆናል።