ሮም ወይስ ፓሪስ? እስከ ነገ ቀትር መወሰን አለብኝ

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የጉዞ ወኪሉ የያዘልን የአውሮፕላን ቦታ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚሰረዝ ዛሬ ማታ መወሰን ግድ ሆኖብኛል። ከአባቴና ከእናቴ ጋር ለዐሥር ቀን ወደ አውሮፓ ልንሄድ ነው፤ አባቴ ፓሪስን፣ እናቴ ደግሞ ሮምን ነው የሚሉት፤ ሁለቱም ከሐሳባቸው ንቅንቅ አይሉም። የሄዳችሁ ወይም ጉዳዩን የምታውቁ እባካችሁ የትኛው እንደሚሻል ቶሎ ንገሩኝ።

ሰቢያን፦ እህቴ፣ አምስት ቀን እዚህ፣ አምስት ቀን እዚያ አድርጊው። አንድ የሸንገን ቪዛ (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ለሁለቱም አገር ያገለግላል፤ ከፓሪስ ሮም ደግሞ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ጀጎል፦ እኔ ያለ ማመንታት ሮም እላለሁ፤ ምክንያቱም ለኢትዮጵያዊ ሮም የባዕድ ከተማ ብቻ አይደለችም። በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመው በዚያች ከተማ፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ ነበር። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኢትዮጵያ ኮሌጅም እዚያው ቫቲካን ውስጥ ይገኛል። ልጆቻችን በመጽሐፍ የሚማሩትን ታሪክ ወላጆችሽ በእግራቸው ቆመው ሊያዩት ይችላሉ፤ ይህን ዕድል ማንም እንዲያልፈው አልመክርም።

ደቻቱ፦ ጀጎል የጻፉት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የጎደለው ነገር አለ። የወላጆችሽን ዕድሜና ጤና፣ የምትሄዱበትን ወር፣ ቪዛ ያላችሁ መሆን አለመሆኑን አልጻፍሽም። እነዚህን ሳያውቁ ሁለት ከተሞችን ማወዳደር ሰው ሳያዩ ልብስ እንደ መስፋት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ከጥድፊያው የተነሣ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ሠርተዋል፤ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ የግራ ጉልበታቸው ግን ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል። እናቴ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ማየት ነው። የምንነሣው ሐምሌ 28 ነው። ቪዛ ገና አላስገባንም፤ ዐሥራ አምስት ቀን ነው የሚፈጀው ብለውኛል።

አሸዋ፦ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ዐሥራ አምስት ቀን የሚባለው መደበኛው ሕግ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወስኗል። ዛሬ ሐምሌ 2 ነው፤ ነገ ጠዋት እንኳ ብታስገቡ መልሱ ከነሐሴ 17 በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐምሌ 28 ላይ ለሮምም ለፓሪስም አትደርሱም። ወኪሉ የያዘው ቦታ ቢሰረዝ አትደንግጪ፤ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት ነው የሚጎዳው። ጉዞውን ከመስቀል በኋላ አድርጉት፤ የሮም የበጋ ሙቀትም ያን ጊዜ ይበርዳል። በኦገስት አጋማሽ ደግሞ ብዙ የሮም ሱቆች ለዕረፍት ይዘጋሉ።

ሰቢያን፦ አምስት አምስት ቀን ነው የሚሻለው፤ ሁለቱም ወላጆች ይደሰታሉ።

አሸዋ፦ ሰቢያን፣ ሐሳብዎ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም አንድ ነገር አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ወደሚገቡበት አገር ይሆናል። አምስት አምስት ብላ ጽፋ የተሳሳተው በር ላይ እንዳትቆም። ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ፓስፖርታቸው ደግሞ ከሸንገን ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆኑን አሁኑኑ ተመልከቺ።

ደቻቱ፦ አሁን ስለ ጉልበታቸው እናውራ። የፓሪስ ሜትሮ ደረጃ የበዛበት ነው፤ ሁሉም ጣቢያዎቹ ለእግር ሕመምተኛ የተመቹት መስመር 14 ብቻ ነው፤ አውቶቡሶቹ ግን መወጣጫ ስላላቸው በእነርሱ ይሂዱ። ሮም በበኩሏ በትናንሽ ድንጋይ የተነጠፉ መንገዶች አሏት፤ የሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች የለመደ ሰው ባይደነቅም፣ ለታመመ ጉልበት ግን ያደክማሉ። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት 551 ደረጃ አለው፤ ሊፍቱን ብትይዙም 320 ይቀራል፤ እናትሽ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይጸልዩ፤ እዚያ ለመግባት አይከፈልም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ብቻ ይጠበቅባቸዋል።

ለአባትሽ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ አንድ ቦታ ልንገርሽ፤ የኦርሴ ሙዚየም። እ.ኤ.አ. በ1900 የባቡር ጣቢያ ሆኖ ተሠራ፤ በ1986 ደግሞ ሙዚየም ሆነ። ትልቁ የመስታወት ጣሪያና ትልቁ ሰዓት አሁንም እንዳሉ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ለሠራ ሰው ከኤፍል ማማ ይልቅ ያ ሰዓት ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ። ሰኞ ዝግ ነው። ሌላው የፓሪስ ሙዚየም ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ ይዘጋል።

አሸዋ፦ እንግዲያው ስድስት ቀን ሮም፣ አራት ቀን ፓሪስ፤ ማመልከቻው ለጣሊያን ኤምባሲ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱም ከተሞች በቀጥታ ስለሚበር በአንዱ ገብታችሁ በሌላው መውጣት ትችላላችሁ።

ጀጎል፦ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። የከዚራ ልጅ፣ ትኬቱን ምን አደረግሽው? የአባትሽ ፓስፖርትስ እስከ መቼ ያገለግላል?